«አንዱ» ወይስ «አንድ»፤ ስለ ሁለት ልጆች ጥያቄ አተረጓጐም

ማርቲን ጋርድነር በ1959 እ.ኤ.አ. «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ሁለት ጥያቄዎች አቅርቦ ነበር። አቶ ጆንስ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ታላቂቱ ሴት ናት፤ ሁለቱም ሴቶች የመሆናቸው ይሆናልነት ስንት ነው? አቶ ስሚዝም ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ቢያንስ አንዱ ወንድ ነው፤ ሁለቱም ወንዶች የመሆናቸውስ? ለፊተኛው 1/2፣ ለኋለኛው 1/3 ሲል መለሰ። በልደት ተራ ከሚገኙት አራት ጥንዶች መካከል የታላቂቱ ጾታ ሲታወቅ ሁለት ይቀራሉ፤ ተራው ሳይጠቀስ ግን «ሴትና ሴት» ብቻ ተሰርዞ ሦስት ይቀራሉ። ሆኖም በዚያው ዓመት ጋርድነር ራሱ የኋለኛው ጥያቄ አሻሚ መሆኑን ገለጸ፤ ከልጆቹ አንዱ በዕጣ ተመርጦ ጾታው የተነገረ እንደ ሆነ መልሱ 1/2 ነውና።

የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ልጅ» ጾታ ስለማይለይ ለጥያቄው ይመቻል፤ «አንዱ» ግን ያስቸግራል። «አንዱ ወንድ ነው» ሲባል አማርኛ ሰሚ ሌላዋን ሴት አድርጎ ይረዳል፤ መልሱም ዜሮ ይሆናል። «አንደኛው» ቢባል አንድ የታወቀ ልጅ ይጠቁማል፤ ወደ 1/2ም ይመራል። «ሁለቱም ሴቶች አይደሉም» ማለትም አያድን፤ «ማናቸውም ሴት አይደሉም» ተብሎ ይሰማል። ስለዚህ «ቢያንስ»ን እንደ ትርፍ ቃል የሚጥል ተርጓሚ (ቁጠባውን በሌላ ቦታ እናደንቅለት ነበር) የሚለውጠው ሒሳቡን ነው። እኛ «ከልጆቻቸው መካከል ቢያንስ አንድ ወንድ አለ» የሚለውን እንመርጣለን።