ለውሻ መቃብር፦ ከሃይድ ፓርክ እስከ ሃርትስዴል

በለንደን ሃይድ ፓርክ ሰሜናዊ ጠርዝ፣ ቪክቶሪያ በር አጠገብ ባለው የዘበኛ ቤት ጓሮ፣ ጉልበት የማይደርሱ የመቃብር ድንጋዮች ተጠጋግተው ቆመዋል። ከሩቅ ያየ ሰው የሕፃናት መቃብር ሊመስለው ይችላል። የመጀመሪያው ባለመቃብር ቼሪ የሚባል የማልቲዝ ዘር ውሻ ነው። የባለቤቶቹ ልጆች ፓርኩ ውስጥ ሲጫወቱ ከዘበኛው ከሚስተር ዊንብሪጅ ጋር ተላምደው ነበር። ቼሪ በ1881 ሲሞት (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲቦርቅበት በኖረው መናፈሻ ይቀበርልን ብለው ዘበኛውን ለመኑት። እሱም ከጓሮው ቆፈረላቸው።

ወሬው ለመዛመት ጊዜ አልወሰደበትም። ቀጥሎ የመጣው ሠረገላ የገጨው ፕሪንስ የሚባል ውሻ ሲሆን፣ ባለቤቱ የካምብሪጁን መስፍን ያገባችው ተዋናይት ሉዊዛ ፌርብራዘር ነበረች። ከዚያ በኋላ ውሻም ድመትም ወፍም መጣ። ጓሮው ሞልቶ በ1903 ሲዘጋ 300 ያህል መቃብር ይዞ ነበር።

ይህን የሀብታም ቅብጠት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። የሃይድ ፓርክ ደንበኞች ባለጸጎች እንደነበሩም እውነት ነው። ጥያቄያቸው ግን የማንኛውም ከተሜ ጥያቄ ነበር። ገጠር የሚኖር ሰው ውሻው ሲሞትበት ከማሳው ዳር ወይም ከዛፍ ሥር ይቀብረዋል። ግቢ የሌለው፣ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ሰው የት ይውሰደው? የቤት እንስሳት መቃብርም ሆነ ዛሬ በየከተማው ያለው የእንስሳት አስከሬን ማቃጠያ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ታሪኩ ከሁሉ በፊት መሬት ያጣ ከተሜ ታሪክ ነው።

የቤት እንስሳን በክብር መቅበር ግን ጥንትም ነበር። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዛሬዋ ግብፅ ደቡብ፣ በረኒቄ የምትባል የሮማውያን ወደብ ነበረች። ስሟ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መመሪያ እሷንም አዱሊስንም በአንድ የንግድ መስመር ላይ ያነሳቸዋል። ከወደቡ ዳር አርኪዮሎጂስቶች የ585 እንስሳትን መቃብር ቆፍረው አውጥተዋል፦ 536 ድመቶች፣ 32 ውሾች፣ 15 ጦጣዎች፣ አንድ ቀበሮና አንድ ጭልፊት። በግብፅ ቤተ መቅደሶች እንደተለመደው ለመሥዋዕት ተገድለው በመድኃኒት የደረቁ አልነበሩም። አንዳንዶቹ ድመቶች የብረት ማሰሪያ ወይም ዶቃ በአንገታቸው እንዳለ ነው የተገኙት። ከእንስሳቱ መካከል ጥርሳቸው ያለቀ፣ በሽታ ያደከማቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ሰው ለስላሳ ምግብ እየለየ ካልሰጠው እንዲህ ያለ እንስሳ በዚያ በረሃ አንድ ወርም አይቆይም። ከጥቅም ውጪ ሆኖም ሲመገብና ሲጠበቅ ኖሯል ማለት ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ ግን የሞተ ውሻ ዕጣው ቆሻሻ ገንዳ ወይም የሴን ወንዝ ነበር። ወንዙ የበድን መጣያ በመሆኑ የጤና ጉዳይ ሆነ፤ በሰኔ 1898 ሕግ ወጣ። የሞተ እንስሳ ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ 100 ሜትር ርቆ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር ተጭኖበት እንዲቀበር ታዘዘ። በጠባብ አፓርታማ የሚኖር ፓሪሳዊ ይህን ሕግ በምን መሬት ያክብረው?

መልሱን ይዘው የመጡት ጠበቃው ዦርዥ አርምዋ እና ጋዜጠኛዋ ማርግሪት ዱራን ነበሩ። ዱራን በ1897 ላ ፍሮንድ የተባለውን፣ አዘጋጆቹም ጸሐፊዎቹም ሴቶች ብቻ የሆኑበትን ዕለታዊ ጋዜጣ አቋቁማለች፤ ነብር የሚል ስም ያወጣችላት አንበሳም ነበረቻት። ሁለቱ በ1899 ከፓሪስ ሰሜን ምዕራብ አኒዬር ላይ፣ በሴን ወንዝ ደሴት የእንስሳት መቃብር ከፈቱ። ለዓመታት በድን ሲንሳፈፍበት የኖረው ወንዝ ዳርቻው የመቃብር ሥፍራ ሆነ። ቦታው ዛሬም አለ። ባለ ቅስቱ ትልቅ በር በዘመኑ ፋሽን ያጌጠ ነው፤ ውስጡ ውሻና ድመት ብቻ ሳይሆን ፈረስ፣ ጦጣና ዶሮም ተቀብሮበታል።

በሩን እንዳለፉ የሚገኘው ሐውልት የባሪ ነው። ባሪ በአልፕስ ተራሮች፣ በታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ ባለው ገዳም ይኖር የነበረ ውሻ ሲሆን፣ በበረዶ የተያዙ መንገደኞችን በማዳን ገናና ነው። ሐውልቱ 40 ሰው አዳነ፣ 41ኛው ገደለው ይላል። ይህ አፈ ታሪክ ነው። ባሪ ሲያረጅ በ1812 ወደ በርን ከተማ ተወስዶ ከሁለት ዓመት በኋላ በሰላም ሞቷል፤ ቆዳው ተሞልቶ በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይታያል። አኒዬር ያለው መታሰቢያው ብቻ ነው።

ሪን ቲን ቲን ግን በእርግጥ እዚያ ነው ያረፈው። አንድ አሜሪካዊ ወታደር በ1918 በፈረንሳይ የጦር ሜዳ ቡችላ ሆኖ አግኝቶት ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰደው፤ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን የሆሊውድ ኮከብ ሆነ። በ1932 ሲሞት መጀመሪያ የተቀበረው በባለቤቱ ግቢ ነበር። ኋላ ባለቤቱ ቤቱን ሸጠ፤ ውሻውንም አስወጥቶ ወደ ትውልድ አገሩ ላከው። በዓለም የታወቀው ውሻ እንኳ ከግቢው የተነሣው ቤት ሲሸጥ ነው።

የአኒዬርን ጠባይ ከኮከቡ ይበልጥ የሚያሳየው ሌላ ሐውልት ነው። ግንቦት 15 ቀን 1958 ባለቤት የሌለው አንድ ውሻ ከመቃብሩ በር ላይ መጥቶ ሞተ። በዚያ የሚቀበር 40,000ኛው እንስሳ ሆነና አስተዳደሩ ሐውልት አቆመለት። መቃብሩ ራሱም በ1987 ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር፤ ሕዝብ ጮኸ፣ ቦታው በቅርስነት ተጠበቀ፣ ኋላም የአኒዬር ከተማ ተረከበው።

አትላንቲክን ሲሻገሩ ነገሩ የተጀመረው በፖም ማሳ ነው። ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን በኒው ዮርክ ከተማ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በ1896 አንዲት ደንበኛው ውሻዋ ሞቶባት መቅበሪያ አጣች። ሐኪሙ ከከተማው ወጣ ብላ ሃርትስዴል በምትባል ሥፍራ የፖም ተክል ነበረውና እዚያ ቅበሪው አላት። ታሪኩን ለጋዜጠኛ ወዳጁ አጫወተው፤ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ደብዳቤና ልመና ጎረፈለት። ማሳው ቀስ በቀስ የውሻ መቃብር ሆነ፤ በ1914 በድርጅትነት ተመዘገበ። እስከ ዛሬ ከ80,000 በላይ እንስሳት ተቀብረውበታል። አንዱ ጎልድፍሌክ የሚባል የአንበሳ ደቦል ነው፤ ሠዓሊዋ ልዕልት ኤሊዛቤት ልዎፍ ፓርላጊ በማንሃተኑ ፕላዛ ሆቴል አብራው ትኖር ነበር፤ በ1912 ሞተባት። በ1923 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላገለገሉ ውሾች መታሰቢያ ቆመ፦ በትልቅ ድንጋይ ላይ የቆመ የነሐስ ውሻ።

በድንጋዮቹ ላይ የተጻፈው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ኤሪክ ቱሪኒ የተባለ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት ከ1881 እስከ 1991 ድረስ በብሪታንያ የቆሙ ከ1,000 በላይ የእንስሳት መቃብር ድንጋዮችን አንብቦ ውጤቱን በ2020 አሳትሟል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበሩት በአብዛኛው ስለ ወዳጅነት ይናገራሉ፤ በሰማይ እንገናኛለን የሚል ተስፋ በድፍረት የጻፈ ጥቂት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ተስፋ በርከት ይላል፤ ባለቤቶቹም ራሳቸውን እማማና አባባ ብለው ይፈርማሉ። የቤተሰቡን ስም ለውሻው ለመስጠት ቀድመው ከደፈሩት አንዳንዶቹ ስሙን በቅንፍ ውስጥ አስገብተውታል። ያቺ ቅንፍ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጥ ትናገራለች፦ የቤተሰብ አባል ነው፣ ግን ጎረቤት ምን ይለናል?

የእሳቱ ታሪክ የሚጀምረው ብዙዎች ከማይጠብቁት ቦታ ነው። እንግሊዝ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአስከሬን ማቃጠያ ዎኪንግ ላይ ስትሠራ፣ ምድጃው በ1879 የተሞከረው በፈረስ በድን ነበር። ተቃውሞ በርትቶ የመጀመሪያው የሰው አስከሬን የተቃጠለው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1885 ነው። ይሁንና የቤት እንስሳትን ማቃጠል ተራ ነገር የሆነው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ምክንያቱም ያው የመሬት ጉዳይ ነው። የመቃብር ቦታ ኪራይ ይከፈልበታል፤ ኪራዩ ከተቋረጠ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ቤት የሚቀይር፣ ከከተማ ከተማ የሚዘዋወር ቤተሰብ ደግሞ መቃብር ይዞ አይሄድም፤ አመድ ግን ይዞ ይሄዳል።

አሠራሩን ማወቅ ለሐዘንተኛ ይጠቅማል። በድኑ ቁጥር ከተቀረጸባት የማይዝግ ብረት ጋር ወደ ምድጃው ይገባል፤ ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ድመት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ትልቅ ውሻ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሥጋው ሁሉ በንኖ የሚቀረው ተሰባሪ ነጭ አጥንት ነው። ሲቀዘቅዝ ብረት ካለው፣ ለምሳሌ ለስብራት የገባ ብሎን፣ በማግኔት ወይም በእጅ ይለቀምና አጥንቱ በመፍጫ ይደቃል። ሰዎች አመድ የሚሉት ይህ የደቀቀ አጥንት ነው። ከ20 ኪሎ ውሻ የሚገኘው ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ነው፤ ቁጥሯም አብራው ትመለሳለች።

ለባለቤቱ የሚቀርቡለት አማራጮች ሦስት ናቸው። በጋራ ሲቃጠል ብዙ እንስሳት አንድ ላይ ይገባሉ፤ አመዱም አይመለስም፣ ብዙ ጊዜ ለዚህ በተዘጋጀ ቦታ ይበተናል። በክፍልፋይ ሲሆን አንድ ምድጃ ውስጥ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ አመዱ ይመለሳል፣ ጥቂት መቀላቀሉ ግን አይቀርም። ለብቻ ሲሆን ምድጃው የአንዱ ብቻ ነው። ዋጋውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይጨምራል። ልዩነቱ በግልጽ መጻፍ ያለበት በመራራ ምክንያት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ የአንድ የእንስሳት መቃብር ባለቤቶች ለየብቻ እናቃጥላለን ብለው ገንዘብ እየተቀበሉ በድኖችን በጅምላ ጉድጓድ ሲጥሉ ተደረሰባቸው፤ በፌዴራል ፍርድ ቤትም ተፈረደባቸው። ሰዎች ለዓመታት ሲንከባከቡት የኖሩት አመድ የማን እንደሆነ እንኳ አላወቁም። በሐዘን ላይ ያለ ሰው እንደማይመረምር አውቆ ማጭበርበር ከሌብነት የከፋ ነው።

በቅርብ ዓመታት በውሃ የሚሠራ መንገድም መጥቷል። በድኑ በአልካሊ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ይቆይና አጥንቱ ብቻ ይቀራል። አዲስ ይምሰል እንጂ ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ አሞስ ሄርበርት ሆብሰን የተባለ ሰው በ1888 ለተመሳሳይ ዘዴ የፈጠራ መብት ወስዶበታል፤ ዓላማው ግን ከእንስሳት በድን ማዳበሪያ ማውጣት ነበር።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ የቤት እንስሳት ቀብር የግብር ክርክር አስነሣ። የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ለቤት እንስሳት የቀብር ሥርዓት ያደርጋሉ፤ ከአንዱ ቤተ መቅደስ የግብር መሥሪያ ቤቱ ግብር ጠየቀ። ቤተ መቅደሱ ሃይማኖታዊ አገልግሎት ነው ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ለግብር ሰብሳቢው ፈረደ፤ ግብር የሚከፈልበት ንግድ ነው አለ።

ለኢትዮጵያውያን ማቃጠል ባዕድ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሟቹን ለአፈር ይሰጣል፤ ለእንስሳ ደግሞ ድንኳን የሚተክል እድር የለም። ሆኖም ዋሽንግተን ወይም ለንደን የሚኖር፣ ውሻ ከልጆቹ ጋር ያሳደገ ቤተሰብ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ያንኑ ባለሦስት አማራጭ ቅጽ ይቀበላል። አዲስ አበባም የራሷን ጥያቄ ይዛለች። ግቢ ያለው ከአጥሩ ሥር ይቆፍራል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ግን ያ የ1898ቱ ፓሪሳዊ ያጋጠመው ጭንቅ አለበት።

እዚህ ላይ ስለ አሞራ መናገር የግድ ነው። እንስሳ በስቃይ እንዳይሞት በሐኪም ሲገደል ብዙ ጊዜ የሚወጋው ፔንቶባርቢታል ነው። መድኃኒቱ በበድኑ ውስጥ ይቆያል፤ በአሜሪካ እንዲህ ያለ በድን የበሉ ንስሮች ሞተው ተገኝተዋል። ጥንብ አንሳና ጅብ የሞተውን በሚያጸዱበት አገር፣ በመርፌ የሞተ ውሻን ሜዳ ላይ መጣል መርዝ መዝራት ነው። ማቃጠያ ከሌለ ጉድጓዱ ጥልቅ፣ አፈሩ ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ከላይም ድንጋይ ያስፈልገዋል።

ሃርትስዴል ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ተገልብጧል። ከጊዜ በኋላ ባለቤቶቹ ራሳቸው ሲሞቱ አመዳቸው ከውሻቸው ጎን እንዲያርፍ እየጠየቁ፣ የእንስሳቱ መቃብር የብዙ መቶ ሰዎችን አመድ ተቀብሏል። የኒው ዮርክ ግዛት ይህን በ2011 አግዶ፣ ኋላ እገዳውን አነሣ። በ2016 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ለትርፍ ያልቆሙ የሰው መካነ መቃብሮች፣ ከፈለጉ፣ የእንስሳውን አመድ ከባለቤቱ ጋር እንዲቀብሩ ፈቀደ። የሃይማኖት ድርጅቶች መቃብሮች ከዚህ ሕግ ውጪ ናቸው።