በሰው ፊት መብላት

የመሸበትን መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ በሩን በመክፈትና ከሌማቱ ቆርሶ በማብላት ጽድቅን ተስፋ ያደርግ ለነበረው ለቀድሞው ያገራችን ሰው፣ እንጀራን በገንዘብ መሸጥ የውርደት ሥራ፣ በአላፊ አግዳሚ ፊት አፍን ከፍቶ መጉረስም ከዚያ የባሰ ነውር ነበረ። መኳንንቱ ማዕድ ሲቀርቡ አሽከር ሸማ ይጋርድላቸው ነበር፤ ድኻውም ቢሆን የቡዳ ዓይን እንዳያርፍበት ጀርባውን ሰጥቶ ይጎርስ ነበር። ዛሬ ሰው በየመንገዱ ዳር ቆሞ የሚበላባትን አዲስ አበባን ስመለከት፣ ያ ጽኑዕ ሐፍረት በየትኛው ሠፈርና በማን እጅ እንደ ተሻረ ሳይነገር መቅረት የለበትም እላለሁ።

የተሻረው በአራዳ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ዐፄ ምኒልክ ባሠሩት በገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም የነበረው ታላቁ ገበያ፣ ይልቁንም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ማርና ቅቤ፣ እህልና በርበሬ፣ አሞሌና ቆዳ የጫነውን ነጋዴ ከየአውራጃው ይሰበስብ ስለ ነበር፣ በከተማይቱ ዘመድ የሌለው፣ ውሎው ረዥም፣ ማደሪያው ሩቅ የሆነ ሰው ደግሞ ነውርን በመፍራት ብቻ ሆዱን ሊሞላ ስለማይችል፣ የአባቶች ልማድ ሳይወድ በግዱ ለረኃብ ተረታ።

እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ማለቂያ ላይ በዚያው አካባቢ ሆቴላቸውን ሲያቆሙ፣ ሲወርድ ሲዋረድ እንደ ሰማነው፣ በገንዘብ መብላትን ሰው ሁሉ ተጸይፎ ቢቀር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገቡ፤ በልተውም ዋጋውን ከፈሉ። በግቢያቸው አዳራሽ ሠራዊቱን በየማዕርጉ በተራ እያስገቡ ግብር የሚያበሉ ንጉሥ ለአንድ ገበታ ሒሳብ ሲከፍሉ መታየታቸው፣ በአዋጅ ሊነገር የማይችል ትልቅ ትምህርት ነበረ።

ይሁንና ክብሩን ሁሉ ለዚያ ሆቴል ብንሰጥ ፍርድ እናጓድላለን። ነጩ የገበታ ጨርቅ የተነጠፈው በይበልጥ ለውጭ አገር ሰዎችና ለባለማዕርጎች ሲሆን፣ ተራውን ሕዝብ በእንግዳ ሰው አጠገብ ተቀምጦ መብላትን ያስለመዱት፣ በደጃፋቸው በእንጨት ጫፍ ላይ ቆርቆሮ ደፍተው ጠላ፣ በብርሌም ጠጅ ይሸጡ የነበሩት ኮማሪቶች ናቸው። ጠጪው ባዶ ሆዱን እንዳይሰክር በመጀመሪያ ቆሎ፣ ኋላም ንፍሮና ቅቅል ቀረበለት። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ምድጃቸው ከቅቤና ከሥጋ ይጠበቅ ነበርና፣ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ በአንድ እንጀራ ላይ የሚወጣበት የዛሬው የጾም በያይነቱ የእነዚሁ ሴቶች የጓዳ ጥበብ ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የጣልያን ወራሪ የሀገሬውን ገበያ ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደውና መርካቶ አሰኘው፤ አራዳንም ለራሱ ወገን ፒያሳ ብሎ ለየው። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ጠላት ሄደ፤ ፓስታው፣ ማካሮኒው፣ ቦምቦሊኖው ግን ቀረ። ቃላቱም ቀሩ፤ በጣልያንኛ የእንግዳ ማረፊያ ማለት የነበረው ሎካንዳ በእኛ አፍ ልኳንዳ ሆኖ፣ ሥጋ የሚሰቀልበትና ጥሬው በቢላዋ እየተቆረጠ በአዋዜ የሚበላበት ቤት መጠሪያ ሆነ።

ከፒያሳ እልፍ ብሎ የሚገኘው፣ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የተጠራው ደጃች ውቤ ሠፈር፣ በ1950ዎቹ ውቤ በረሃ የሚለውን ሁለተኛ ስሙን ያስከበረው በሌሊቱ ነው። በረሃ መውረድ ከሕግና ከዘመድ ዓይን መራቅ ማለት ነውና ስያሜው ይገባው ነበር። ስለ ዘፈኑና ስለ ሴቶቹ ብዙ ተጽፏል፤ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ም የሚተርከው ይህንኑ ሠፈር ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ያንን ሁሉ ሌሊተኛ ሲነጋጋ በዱለትና በትኩስ ቅቅል ያቆሙት እጆች አለመዘከራቸው ነው።

በልጅነቴ በዚያ ሠፈር ግድግዳ ሥር ማምሻውን ከሰሏን የምታያይዝ አንዲት እናት ነበረች። ሊጡን ዳምጣ እንደ ወረቀት ታሳሳዋለች፤ ምስሩን በሽንኩርትና በቃሪያ ለውሳ ታስገባለች፤ ሦስት ማዕዘን አድርጋ ታጥፍና ጠርዙን በውኃና በዱቄት ታሽገዋለች፤ ከዚያ ዘይቱ ውስጥ ስትጥለው የሚሰማው ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። በአሮጌ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። «ዙር ልጄ፣ ዙርና ብላ፤ እኔ ሠርቼ ያላፈርሁትን አንተ በልተህ ታፍራለህ?» አለችኝ። ዞሬ በላሁ።

ያ ሳምቡሳ ረዥም መንገድ የመጣ ነው። ስሙ ሳንቡሳግ ከሚለው የፋርስ ቃል የወጣ ሲሆን፣ የዐረብ ነጋዴዎች ባሕር አሻግረውታል፤ እኛም በምስር ሞልተን ለጾም አበቃነው። እንዲሁ ከቻይና የመጡ ነጋዴዎች ወደ ፊሊፒንስ ደሴቶች ያስገቡት ሉምፒያ የተባለው ጥቅልል ጥብስ ዛሬ የማኒላ ሕዝብ የራሱ ምግብ ሆኗል። ካሪንደሪያ በሚባሉት በዚያች አገር ትንንሽ ምግብ ቤቶች ውስጥም ተመጋቢው በየድስቱ የቀረበውን አይቶ በጣቱ እያመለከተ ያዛል፤ ሠራተኛው፣ ነጂውና ተማሪው በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ይበላሉ። በጣት ማመልከቱ ከእኛ ይለይ እንጂ፣ አግዳሚውስ የአራዳው ነው።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ያወጀው ሰዓት እላፊ የውቤ በረሃን ሌሊት ዘጋው፤ የቀን ምድጃው ግን አልጠፋም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት በጥብስና በልኳንዳ ቤቶቹ የታወቀው ጎረቤቱ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። አዲሱ መንገድ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ የሆቴሉም ታሪክ በየመጽሐፉ ሰፍሯል። በየጥጉ ከሰል ያያዙት ሴቶች ስም ግን የሚገኘው በልጆቻቸው አፍ ብቻ ነው። እናትህ ወይም አያትህ በአራዳ ጠላ የጠመቀች፣ ቅቅል ያወጣች፣ ሳምቡሳ የጠበሰች እንደ ሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስሟንና የነበረችበትን ቦታ በዚህ ሳምንት ጻፍልን።