ክራር ስንት ታወጣለች?

ሰው በስደት ሲቸግረው አስቀድሞ የሚሸጠው ሰዓቱን ነው፤ ቀጥሎም ካፖርቱን። የሙዚቃ መሣሪያ ተራዋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወይ ባለቤቷ አይጨክንባትም፣ ወይ ገዥ አይገኝላትም። ናይሮቢ ውስጥ ክራሩን በብብቱ ይዞ ከኢስሊ እስከ ሪቨር ሮድ የሚዞር ወገን ሁለቱም ይገጥመዋል። ክራር የሚያውቀው ገዥ እንደርሱው ኪሱ ባዶ ነው፤ ገንዘብ ያለው አገር ጎብኚ ደግሞ የሚፈልጋት ለግድግዳ ጌጥ ነው። እንግዲህ ዋጋዋን ማን ይቁረጥ? ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለምና እስቲ ታሪክ እናገላብጥ። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዕቃዋን ብቻ ካየን ክራር ርካሽ ናት። አንድ ገበቴ ወይም የብረት ሳህን፣ ቁራጭ ቆዳ፣ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ እንጨት፣ አምስት ወይም ስድስት አውታር፤ ሌላ የላትም። ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ የሰውን ሆድ ያባቡት በዚህችው ነው። በገና የዳዊት ተብላ ስትከበር ክራር የሰይጣን መሣሪያ ትባል እንደነበርም አባቶቻችን ያውቃሉ።

አሁን ደግሞ በባሕር ማዶ ያለች አንዲት ባለቆዳ እንመልከት። ባንጆ ዩኩሌሌ ትባላለች፤ አራት አውታር፣ አጭር አንገት፣ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረበት ክብ አካል አላት። ወላጆቿ ሁለቱም ስደተኞች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንደኛው ባንጆ ነው። ከአፍሪካ በመርከብ ተግዘው የተወሰዱት ባሮች በእጃቸው የያዙት ዕቃ አልነበረም፤ እጃቸው ግን ሥራውን ያውቅ ነበርና በካሪቢያን ደሴቶች ቅል ፈልፍለው፣ ቆዳ ወጥረው እንደገና ሠሩት። ሐንስ ስሎን የተባለ ሐኪም በ1687 ጃማይካ ደርሶ እንዲህ ያለውን መሣሪያ አየ፤ በ1707 ባሳተመው መጽሐፍም ገለጸው። ሁለተኛዋ ዩኩሌሌ ናት። በ1879 ራቨንስክራግ በምትባል መርከብ ከማዴይራ ደሴት ወደ ሃዋይ ከተሰደዱት ፖርቱጋሎች መካከል ሦስት አናጢዎች ነበሩ፤ ማኑኤል ኑኔዝ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ እስፒሪቶ ሳንቶ። የአገራቸውን ትንሽ ጊታር በሃዋይ እንጨት ሠሩት። ዩኩሌሌ ማለት «ዘላይ ቁንጫ» ማለት ነው ይባላል፤ ጣት በአውታሩ ላይ ሲዘል ላየ ሰው ስሙ ያምርበታል።

የሁለቱ ልጅ የተወለደችው በ1910ዎቹ መጨረሻ ግድም ነው፤ አልቪን ኪች የተባለ ሰው «ባንጁሌሌ» ብሎ ሸጣት። ድምፅ ማጉያ ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን ቆዳዋ ከእንጨቷ ዩኩሌሌ የበለጠ ጉልበት ሰጣት። በእንግሊዝ አገርም ጆርጅ ፎርምቢ (1904–1961) የተባለው ቀልደኛ ዘፋኝ በፊልም ሲጫወትባት ተራው ሕዝብ ወደዳት።

ዛሬ የዚያን ዘመን ባንጁሌሌ የወረሰ ሰው ሊሸጣት ሲነሣ ገዥው ጥያቄ ያበዛል። የሠሪው ማኅተም አለ ወይ? ቆዳው የጥንቱ ነው ወይስ የተለወጠ? ሣጥኗስ አብሯት አለ? ከሁሉ በላይ የማን ነበረች? የስመ ጥር ሰው እጅ ከነካት ዋጋዋ ሰማይ ይወጣል፤ አንድ ተራ ሠራተኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆቹን ያስተኛባት እንደሆነ ግን ያ ሁሉ ከሒሳብ አይገባም። ነጋዴውን አልወቅስም፤ የሰው ቤት ትዝታ በምን ይመዘናል?

የባሰው ግን ሻጩ ባለቤቱ ያልሆነ ጊዜ ነው። በ1868 እንግሊዞች ማቅደላን ከያዙ በኋላ የዘረፉትን ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ አደረሱት። በሚያዝያ ወር ለሁለት ቀን ሐራጅ ቆመ፤ አምስት ሺህ ፓውንድ ያህል ተገኘ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከዋነኞቹ ገዥዎች አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። እርሱ የሚገዛውን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ብራናውን ሲያነቡት የኖሩት ካህናት ግን ከተጫራቾቹ መካከል አልነበሩም።

ወደምንኖርበት አገር ስንመለስ ሌላ ነገር እናገኛለን። ሉኦዎች ኛቲቲ የሚሏት ባለስምንት አውታር መሣሪያ አለቻቸው፤ የክራር እኅት መሆኗን ለመመስከር አስተርጓሚ አያሻም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጊታር በኬንያ ሲስፋፋ የሉኦ ወጣቶች የኛቲቲን አመታት ወደ ጊታር አሻገሩት፤ ቤንጋ የሚባለው ሙዚቃ ከዚያ ወጣ፤ ሪቨር ሮድ ባሉት ሱቆችም በሸክላ ተሸጠ። አዩብ ኦጋዳ (1956–2019) ግን ከራሷ ከኛቲቲ አልተለየም። በ1986 ይዟት እንግሊዝ አገር ገባ፤ በለንደን ጎዳናና በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እየተጫወተ ከመንገደኛ ሳንቲም ተቀበለ። እዚያው ተሰምቶ በ1988 ዎማድ ወደተባለው የሙዚቃ በዓል ተጋበዘ፤ በ1993ም «ኤን ማና ኩዮ» የተባለውን አልበም አወጣ። ገና በደረሰበት ሳምንት ሸጧት ቢሆን ምናልባት የጥቂት ቀን ምግብ ባገኘባት ነበር።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ወገኖቼን አትሽጡ ለማለት አይደለም። የታመመ ልጅ ያለው ሰው ክራሩን ቢሸጥ ማን ይፈርድበታል! ግን ገዥው ከመምጣቱ በፊት ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን እየቃኘ ለአንድ ወጣት ያሳይ፤ ጃማይካ ላይ ባንጆ የተገኘው እንዲህ ከሚያውቅ እጅ ነውና። ሌላ ክራር ለመሥራት ገበቴ ቢጠፋ የወጥ ሳህን አለ፤ የፍየል ቆዳ ካኩማ ላይ ከቱርካናዎች ይገዛል፤ ለአውታር የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይበቃል። ቆዳው በውኃ ርሶ በእርጥቡ ይወጠር፤ በጥላም ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል።