ከደጅ ጥናት እስከ ሠላሳ ቀን

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከራዲዮ ቴሌግራፍ ነው። ቃል ያለ ሽቦ አገር አቋርጦ ሲደርስ ያየ ሕዝብ መሣሪያውን የነፋስ ስልክ አለው፤ ስሙም ለሰፈሩ፣ በኋላም ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ ለክፍለ ከተማው ተረፈ። በዚሁ ክፍለ ከተማ ግን አንድ ነዋሪ ከመዝገብ ቤቱ ግድግዳ ማዶ የተቀመጠውን የቤቱን ፋይል ለማየት የሚሄድበት መንገድ ከዚያ ይልቅ ሲረዝም ኖሯል።

ነገሩ ሥሩ ሩቅ ነው። መንግሥት ለሕዝብ የሚናገርበት ነጋሪት ነበረው፤ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህም ነጋሪት ጋዜጣ ሥራውን ተረከበ። ሕዝብም በበኩሉ ለመንግሥት የሚናገርበት አቤቱታ ነበረው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አቤት የማለትን መብት አውቋል፤ የ1948ቱም ማንኛውም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕዝብ የመንግሥትን ጽሑፍ ራሱ ገልጦ የሚያይበት ሦስተኛ መንገድ ከሁለቱም አልተገኘም። አቤት ባይ የሚጠብቀው ፍርድ ወይም ምሕረት ነው፤ መዝገቡ በጸሐፊው እጅ ይቀራል። ደጅ መጥናት የሚባለው የቤተ መንግሥት ልማድ እስከ ታችኛው መሥሪያ ቤት የወረደውም በዚህ በኩል ይመስላል። መዘግየቱ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ስዊድን ይህን በር በሕግ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1766 ሲሆን፣ አሜሪካ የተከተለቻት ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

ፋይል የኑሮ መሠረት የሆነው ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ነው። ኪራዩ አነስተኛ የሆነው ቤት በቀበሌ ስለ ተያዘ፣ የነዋሪው መጠለያ በቀበሌ መዝገብ ላይ ባለች አንዲት መስመር ተንጠለጠለ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዪቱ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ቀበሌዎች ተቀላቀሉ፤ በኋላም ወረዳ ተተካ። ጽሕፈት ቤት በተዛወረ ቁጥር ፋይልም አብሮ ይዛወራል፤ «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚለውን መልስ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰውም ጥቂት ነው። በመካኒሳና በጀሞ ዳርቻ የእርሻ መሬቱ ለከተማ የተወሰደበት ገበሬ ደግሞ የልኬቱንና የካሳ ግምቱን ወረቀት ካላገኘ፣ የደረሰበትን ጉዳት በቃሉ ብቻ ሊያስረዳ ይገደዳል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ከፕሬስ ነፃነት ጋር አስቀመጠ። በዝርዝር የወጣው ግን የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ የፕሬሱን ክፍል ሲተካ የመረጃውን ክፍል አልነካውም። በዚህም መሠረት ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ሹም ይቀርባል፤ ሹሙም በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። የአገር መከላከያን፣ የሌላ ሰውን የግል ጉዳይና የመሳሰለውን የሚነካ ሰነድ ሊከለከል ይችላል። የተከለከለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ያመለክታል። የተቋሙ ስም ራሱ የአቤቱታን ዘመን አልረሳም፤ እንባ የሚጠበቀው ላለቀሰ ነውና።

ማመልከቻዎችም እንዲሁ ናቸው። በጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ የሚጻፈው ወረቀት ዛሬም «እንዲተባበሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ይዘጋል። ትሕትናው ነውር የለበትም፤ ጉዳቱ የአዋጁን ቁጥርና የሰነዱን ዓይነት ሳይጠቅስ ሲቀር ነው። ትብብር ቀነ ገደብ የለውም፤ ሠላሳው ቀን ግን የሚቆጠረው ማመልከቻው በገቢ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ካገኘበት ዕለት ጀምሮ ስለሆነ፣ ጠያቂው ከመስኮቱ ከመራቁ በፊት በግልባጩ ላይ ያንኑ ቁጥርና ቀን አስፍሮ፣ ማኅተም አስመትቶ ይይዛል።