የባጁ ዋጋ፦ የአድናቂ ዘጋቢዎች አጭር የኢኮኖሚ ታሪክ

በየዓመቱ በጁላይ ወር በካሊፎርኒያዋ ሳንዲዬጎ ከተማ ከ130 ሺህ በላይ ሰዎች ለኮሚክ ጉባኤ ይሰበሰባሉ። በመካከላቸው የፕሬስ ባጅ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሆኖም ከማንም ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች አሉ። የጉዞና የማደሪያ ወጪያቸውን ከኪሳቸው ሸፍነው፣ ከመደበኛ ሥራቸው የዓመት ፈቃድ ወስደው፣ ለሰዓታት ተሰልፈው ያዩትንና የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ይቀርጻሉ፤ ያሰራጫሉ። እነዚህን ሰዎች በዚህ ጽሑፍ አድናቂ ዘጋቢዎች ብዬ እጠራቸዋለሁ።

ስለ ልዕለ ጀግኖች፣ ስለ አኒሜና ስለ ቪዲዮ ጌም የሚቀርብ ዘገባ የፖሊሲ ጉዳይ የሚከታተል አንባቢን ጊዜ ለምን ይወስዳል የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። መልሴ አጭር ነው። ዘገባ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ላልከፈለበትም ሰው የሚደርስ ሸቀጥ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሸቀጥ የማምረት ወጪ ማን ይሸፍናል? ወጪውን የሸፈነውስ ይዘቱን ምን ያህል ይወስናል? የአድናቂ ዘጋቢዎች ታሪክ ለእነዚህ ጥያቄዎች በተለያዩ ዘመናት የተሰጡ ምላሾች ታሪክ ነው። መስኩ ጠባብ፣ መዝገቡም የተሟላ በመሆኑ በትልልቆቹ የመገናኛ ብዙኃን ዘንድ የሚደበቀውን አሠራር በግልጽ ያሳየናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በማባዣ መኪና ዘመን

መነሻው የአንባቢያን ደብዳቤ ነበር። ሁጎ ጌርንስባክ በ1926 በኒውዮርክ «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጽሔት አቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ የአንባቢያንን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ማተም ያዘ። በዚህም ሳያስበው አንባቢያኑን እርስ በርስ አስተዋወቃቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወጣት አንባቢያን የራሳቸውን ጽሑፍ በማባዣ መኪና እያባዙ በፖስታ ይለዋወጡ ጀመር። በ1940 ራስል ሾቬኔ የተባለ አድናቂ ለእነዚህ ኅትመቶች «ፋንዚን» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ትርጉሙ የአድናቂ መጽሔት ነው።

የፋንዚን ዋጋ ብዙ ጊዜ በገንዘብ አይተመንም ነበር። አንድ ቅጂ ለማግኘት የራስን ፋንዚን በልዋጭ መላክ፣ ጽሑፍ ማዋጣት ወይም ያለፈውን እትም የሚተች ደብዳቤ መጻፍ ይበቃ ነበር። ጸሐፊው አንባቢ፣ አንባቢውም ጸሐፊ ነበረ፤ የወረቀቱን፣ የቀለሙንና የቴምብሩን ወጪም ሁሉም በየፊናው ይችል ነበር። ይህ ሥርዓት ለእኛም ባዕድ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች «ቻሌንጅ» የተባለ መጽሔታቸውን ሲያሳትሙ፣ በአዲስ አበባም ጓደኞቻቸው በስቴንስል የተቆረጠ በራሪ ወረቀት ሲያባዙ፣ ዓላማቸው ከእነዚህ ወጣቶች እጅግ የራቀ ቢሆንም የምርት ሥርዓታቸው ግን ተመሳሳይ ነበር፤ ለመናገር የሚያስፈልገው መሣሪያ በተናጋሪው እጅ ነበር።

የዚህ ነጻነት ጥቅም በመጀመሪያው የዓለም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ ላይ ታየ። ጉባኤው ከጁላይ 2 እስከ 4 ቀን 1939 በኒውዮርክ ሲካሄድ 200 ያህል ሰዎች ተገኙ። ሚርትል ዳግላስና ፎረስት አከርማን እርሷ የሰፋችውን የወደፊቱ ዘመን ልብስ ለብሰው መጡ፤ ዛሬ በየጉባኤው የምናየው አለባበስ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ ይቆጠራል። በዚያው ቀን ግን አዘጋጆቹ «ፊውቸሪያንስ» የተባለውን ተቀናቃኝ ቡድን ስድስት አባላት ከበር መለሱ። ከውዝግቡ መነሻዎች አንዱ አዘጋጆቹን የሚነቅፍ በራሪ ወረቀት ነበር። ከተመለሱት መካከል በኋላ ስመ ጥር ደራሲና አርታኢ የሆነው ፍሬድሪክ ፖል ይገኝበታል።

ይህን ክስተት ዛሬ ከሁለቱም ወገን እናውቀዋለን። ከአዘጋጆቹ አንዱ የነበረው ሳም ሞስኮዊትዝ የአድናቂዎችን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ፤ ፖልም በ1978 ባወጣው የሕይወት ትዝታው የተባረሩትን ወገን ቃል አኖረ። አዘጋጁ የአዳራሹ በር እንጂ የማባዣ መኪናው ባለቤት አልነበረም። ከአዳራሽ የተባረረ ሰው ከታሪክ ሊባረር አልቻለም።

ከአድናቂነት ወደ ሙያ

ሁለተኛው ምላሽ ከሥራ ገበያ የመጣ ነው። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ የክሊቭላንድ ወጣቶች በ1933 ራሳቸው በሚያባዙት ፋንዚን ላይ «ሱፐርማን» የሚል ስም ያለው ገጸ ባሕርይ አወጡ። ያኔ ገጸ ባሕርዩ ክፉ ሰው ነበር። በ1938 ዓለም የሚያውቀው ጀግና ሆኖ በኮሚክ መጽሔት ሲታተም ሁለቱ ወጣቶች መብቱን በ130 ዶላር ሸጠው ነበር። ፋንዚኑ የሙያ ማሠልጠኛ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሥልጠናውን ወጪ ሠልጣኙ ሲከፍል ትርፉን አሳታሚው ወሰደ።

ይህ መንገድ በ1960ዎቹ ሰፋ። ጄሪ ቤይልስና ሮይ ቶማስ በ1961 «ኦልተር ኢጎ» የተባለውን የኮሚክ ፋንዚን ጀመሩ፤ ቶማስ በ1972 የማርቭል ዋና አዘጋጅ ለመሆን በቃ። በ1964 በኒውዮርክ 100 ያህል አድናቂዎች የተገኙበት የኮሚክ ጉባኤ ተካሄደ። በኦገስት 1970 ደግሞ በሳንዲዬጎው ዩ ኤስ ግራንት ሆቴል ለሦስት ቀናት በተካሄደው ጉባኤ 300 ያህል ሰዎች ተገናኙ፤ ደራሲው ሬይ ብራድበሪና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ከተጋባዦቹ መካከል ነበሩ። በእነዚህ ትንንሽ ስብሰባዎች ዘጋቢውን ከተዘጋቢው የሚለይ ገመድ አልተዘረጋም ነበር። ይህ ቅርበት ጥልቅ ቃለ መጠይቆችን አስገኘ። ነገ ቀጣሪ ሊሆን የሚችልን ሰው ዛሬ መተቸት የሚያስከትለው ዋጋም ያኔ ተወለደ።

ቶኪዮ፣ 1975

የዚህ ታሪክ መታጠፊያ በጃፓን ይገኛል። በ1970ዎቹ አጋማሽ «ማንጋ ታይካይ» የተባለ የማንጋ ጉባኤ ነበር። በ1975 ጉባኤውን የነቀፈች አንዲት አድናቂ እንዳትሳተፍ ተከለከለች። ዮሺሂሮ ዮኔዛዋ የሚገኝበት «ሜይኪዩ» የተባለ የሂስ ቡድን ድርጊቱን ተቃወመ፤ ተቃውሞውን በመግለጫ ብቻ ሳያበቃም የራሱን ጉባኤ መሠረተ። ዲሴምበር 21 ቀን 1975 በቶኪዮ የተከፈተው «ኮሚክ ማርኬት» 32 ቡድኖችና 700 ያህል ታዳሚዎች ብቻ ነበሩት። በ2019 በየወቅቱ ለአራት ቀናት ሲካሄድ የጎብኚው ቁጥር ከ700 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር።

አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው ጥናት አንድ ተቋም ሲበላሽ አባላቱ ሁለት መንገድ እንዳላቸው አስተምሮናል፤ ድምፅ ማሰማት ወይም መውጣት። ታማኝነት ደግሞ መውጣትን ያዘገያል፤ ለድምፅም ጊዜ ይሰጣል። የቶኪዮው ታሪክ የዚህ ትምህርት ግልጽ ምሳሌ ነው። ድምፅ በተቀጣ ጊዜ ታማኞቹ ወጡ፤ ሲወጡም ቅጣቱ እንዳይደገም የሚረዳ ደንብ ይዘው ወጡ። በኮሚክ ማርኬት ደንብ «ደንበኛ» የሚባል ሰው የለም፤ ሻጩም፣ ገዢውም፣ አስተናጋጁም «ተሳታፊ» ይባላል። ቃሉ ጌጥ አይደለም። ደንበኛ ቅር ሲለው ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ተሳታፊ ግን በጉባኤው አሠራር ላይ ቃል አለው።

በጃፓን ዘጋቢዎች ቋንቋም ፈጥረዋል። ኖቡዩኪ ታካሃሺ በ1983 «ማይ አኒሜ» በተባለው መጽሔት ላይ ገጸ ባሕርያትን መስሎ የመልበስን ልማድ ሲዘግብ «ኮስፕሌ» የሚል ቃል ተጠቀመ። ዛሬ ቃሉ የዓለም ሁሉ ቃል ነው።

ባጁ ዋጋ ሲሆን

ከ1990ዎቹ ወዲህ የገበያው ሚዛን ተለወጠ። የሳንዲዬጎው ጉባኤ በ1991 ወደ ከተማዋ የጉባኤ ማእከል ተዛወረ። ከ2004 ጀምሮ 6,500 ያህል ሰው የሚይዘው «አዳራሽ ኤች» የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ፊልሞቻቸውን የሚያስተዋውቁበት መድረክ ሆነ። ተፈላጊው ነገር ወረቀትና ቴምብር መሆኑ ቀረ፤ ተፈላጊው መግቢያ ሆነ። መግቢያውን የሚያድለው ደግሞ የሚዘገብበት ተቋም ራሱ ነው። ባጁ ስጦታ ቢመስልም በዓይነት የሚከፈል ደመወዝ ነው፤ ዓመታዊ ውልም ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት መታደሱ በከፋዩ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እዚህ ላይ የአድናቂ ዘጋቢው ልዩ ባሕርይ ይገለጣል። ለሚወደው ጉዳይ የራሱን ገንዘብ ስለሚያወጣ ዝም ለማሰኘት አስቸጋሪ ነው። በዚያው ፍቅር ምክንያት ደግሞ በጥቂት ነገር ይደለላል፤ የፊት ረድፍ ወንበር፣ ከተዋናይ ጋር የአሥር ደቂቃ ቆይታ፣ ከሌሎች በፊት የተላከ ጌም ይበቃዋል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ይህን በመገንዘብ በ2009 መመሪያውን አሻሻለ፤ ምርት የሚያወድሱ ጦማሪዎች ከአምራቹ ያገኙትን ጥቅም እንዲገልጹም አሳሰበ። መመሪያው ጠቃሚ ቢሆንም ከችግሩ ግማሹን ብቻ ይነካል። የተቀበሉትን ስጦታ መግለጽ ይቻላል፤ ሳይጻፍ የቀረውን ትችት ግን የሚገልጸው የለም።

በኦክቶበር 2013 በኒውዮርክ ኮሚክ ኮን የሆነው ደግሞ ጉዳዩን ከምሳሌ በላይ አጉልቶ አሳየ። የዚያ ዓመት ባጅ በውስጡ ቺፕ ነበረው፤ ተሳታፊዎችም ሲመዘግቡት ከትዊተር ገጻቸው ጋር ያገናኙት ነበር። ወዲያው ጉባኤውን የሚያወድሱ መልእክቶች በራሳቸው በባለ ገጾቹ ስም ይወጡ ጀመር፤ ከእነርሱ መካከል ለዘገባ የመጡ ሰዎችም ነበሩ። አዘጋጆቹ አሠራሩን አቁመው ይቅርታ ጠየቁ። ባጁ የመግቢያ ፈቃድ ከመሆን አልፎ ለአፍታ የባለቤቱን አንደበት ወስዶ ነበር።

የኢ-ስሪ ትምህርት

በቪዲዮ ጌም ዓለም የመግቢያ ኃይል እስከ ምን እንደሚደርስ፣ በምንስ እንደሚያበቃ ያሳየን ኢ-ስሪ ነው። በሜይ 1995 በሎስ አንጀለስ ሲጀመር ለኢንዱስትሪው ሰዎች ብቻ የታሰበ የንግድ ትርዒት ነበር። የኢንተርኔት ገጽ ያለው ሁሉ ዘጋቢ ነኝ ማለት ሲችል ግን አዳራሹ ተጨናነቀ። በ2007 አዘጋጆቹ ትርዒቱን በግብዣ ብቻ የሚገባበት ትንሽ ስብሰባ አደረጉት፤ በ2009 ወደ ቀድሞ ስፋቱ መለሱት፤ በ2017 ደግሞ 15 ሺህ ትኬት ለሕዝብ ሸጡ። በ2019 ከ2,000 በላይ የዘጋቢዎችና የሌሎች የመገናኛ ብዙኃን ሰዎች የግል መረጃ ከትርዒቱ ድረ ገጽ መውጣቱ ታወቀ። የቤታቸውን አድራሻ ለፕሬስ ፈቃድ ሲሉ የሰጡ ሰዎች አደጋው በራሳቸው ላይ መጣ።

የኢ-ስሪ ፍጻሜ ምክንያቱ ግን ከዚህም የራቀ ነው። ኒንቴንዶ በ2011 አዲስ ጌሞቹን በቀጥታ ለተመልካች የሚያቀርብበትን «ኒንቴንዶ ዳይሬክት» የተባለ የኢንተርኔት ሥርጭት ጀመረ። ሶኒ በ2019 በትርዒቱ አልተገኘም። አምራቹ ያለ መካከለኛ ወደ ገዢው መድረስ ሲችል የመካከለኛው ዋጋ ወደቀ፤ በዲሴምበር 2023 ኢ-ስሪ ለዘለቄታው መዘጋቱ ተነገረ። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለዘገባ ሁሉ ይሠራል። መግለጫ ማስተላለፍ ብቻ የሆነ ዘገባ ባለ መግለጫው ሌላ መንገድ ባገኘ ቀን ይሞታል።

የማይተካው ዘገባ

አምራቹ ሊያቀርበው የማይችለው ዘገባ የትኛው ነው? ሰልፉ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀ፣ አካል ጉዳተኛው ታዳሚ እንዴት እንደ ተስተናገደ፣ የነጻ ሠሪው ሠዓሊ የጠረጴዛ ኪራይ ምን ያህል ከፍ እንዳለ የሚናገረው ዘገባ ነው። አድናቂዎች በጉባኤዎች ስለሚደርስ የወሲብ ትንኮሳ ጽፈውና ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን አደባባይ ካወጡ በኋላ፣ በ2014 ኒውዮርክ ኮሚክ ኮን ገጸ ባሕርይን መስሎ መልበስ ፈቃድ መስጠት እንዳልሆነ የሚያሳስቡ ትልልቅ ማስታወቂያዎችን በአዳራሹ አቆመ። ከማንም ደመወዝ ያልተከፈለበት ጽሑፍ የተቋም ደንብ ለወጠ።

ሁለተኛው የማይተካ ነገር መዝገቡ ነው። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት «ሄቬሊን» በተባለው ስብስብ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ፋንዚኖችን ይጠብቃል። የ1930ዎቹ ማባዣ ወረቀት እስከ ዛሬ ሲነበብ፣ ያሁ በ2009 «ጂኦሲቲስ»ን በዘጋ ጊዜ ግን ብዙ የአድናቂ ገጾች በአንድ ቀን ጠፉ። የማተሚያው ባለቤትነት ከጸሐፊው እጅ ሲወጣ የማስታወስ ሥልጣንም አብሮ ይወጣል።

ይህ ለእኛ ማኅበረሰብ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2018 የወጣው «ጀምበር» የተባለው ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲታተም፣ ኢትዮጵያዊ ጀግና ይዞ ወደዚህ ገበያ የሚገባ ትውልድ እንዳለ አሳይቶናል። እርሱን ተከትለው የሚመጡ ሥራዎች ወዳጅ አጨብጫቢ ብቻ ሳይሆን የሚያውቃቸውና በቅንነት የሚተቻቸው ዘጋቢም ያስፈልጋቸዋል። በባሕር ማዶ የምናዘጋጃቸው ዓመታዊ የስፖርትና የባህል ዝግጅቶችም የሚዘገቡት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ በሚሠሩ ሰዎች ነው፤ መግቢያውን የሚሰጣቸውም አዘጋጁ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ቀላል ደንቦች መቅዳት ይቻላል። የፕሬስ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ከዝግጅቱ አስተዋዋቂ ይለይ፤ መመዘኛውም አስቀድሞ ይታወቅ። የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ይግባኝ የሚልበትም አካል ይኑር። የሚጻፈው ሁሉ ጸሐፊው በሚቆጣጠረው ወይም ቤተ መጻሕፍት በሚጠብቀው ስፍራ ቅጂ ይኑረው። ወጪያቸው አነስተኛ ነው፤ ሦስቱም ቢሟሉ ግን መመዘኛቸው አንድ ነው፦ ዘንድሮ የዝግጅቱን ጉድለት የጻፈች ዘጋቢ በሚቀጥለው ዓመት ባጇን ታገኛለች ወይ?