ያልተዘጋው የናይሮቢ መዝገብና ደራሲዋ

ጥር 16 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ወተት ጭነው ወደ ናይሮቢ ይጓዙ የነበሩ ሁለት አፍሪካውያን ሠራተኞች፣ የካረንና የንጎንግ መንገዶች ከሚገናኙበት ሥፍራ አጠገብ መብራቱ እንደበራ የቆመ ቢዩክ አውቶሞቢል አዩ። በውስጡ በጥይት ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ነበረ። ሟቹ የ39 ዓመቱ ጆስሊን ሄይ፣ በማዕረጉ ሎርድ ኤሮል፣ በኬንያ የሰፋሪ ነጮች ዘንድ በውበቱም በሴት ወዳድነቱም ስሙ የገነነ መኳንንት ነው።

የተከሰሱት ሰር ጆክ ዴልቭስ ብሮተን ነበሩ፤ ወጣት ባለቤታቸው ከሟቹ ጋር የነበራት ፍቅር ለማንም የተሰወረ አልነበረምና። ችሎቱ ግንቦት 18 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 24 ቀን ተፈጸመ። ሟቹን የገደሉት ጥይቶች ከኮልት ሽጉጥ ሊተኮሱ እንደማይችሉ ጠበቃቸው ስላስረዱ፣ ሁሉም ነጮች የሆኑት የፍርድ ሸንጎ አባላት በነፃ አሰናበቷቸው። (አፍሪካዊ በነፍስ ግድያ ቢከሰስ ኖሮ የሚቀርበው ሐሳባቸው ዳኛውን በማያስገድድ አማካሪዎች ፊት ነበር።) ብሮተን በ1935 ዓ.ም. ሊቨርፑል ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ።

በዚህ ሬሳ ላይ የፈሰሰው ቀለም ብዙ ነው። ከጸሐፊዎቹ ሁሉ የእኔን ቀልብ የሳቡት ወይዘሮ ኤሮል ትርዜቢንስኪ ናቸው። ስማቸው የወንድ ይመስላል፤ ከሟቹ ማዕረግ ጋር መመሳሰሉም አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም። ለረጅም ዘመን ኬንያ የኖሩት እኒህ እንግሊዛዊት ስለ ዴኒስ ፊንች ሃተን የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1985 ለወጣው «አውት ኦፍ አፍሪካ» ፊልም ከምንጮቹ አንዱ ሆኗል። ስለ ቤሪል ማርካምም ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ከሕይወት ታሪክ ወደ ወንጀል ምርመራ ተሻግረው የሎርድ ኤሮልን ሕይወትና ሞት አሳተሙ።

መደምደሚያቸው ሰውየውን የገደለው ቅናት ሳይሆን የእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ነው የሚል ነው። ኤሮል እ.ኤ.አ. በ1934 የሞስሊ ፋሺስት ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር፤ በጦርነቱም ጊዜ በቅኝ ግዛቱ ወታደራዊ የጸሐፊነት ሥራ ላይ ነበር። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀኑን ልብ ማለቱ አይቀርም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበር የተሻገሩት ጥር 12 ቀን፣ ማለት ከግድያው አራት ቀን ቀድሞ ነው። ጄኔራል ካኒንግሃምም ከኬንያ ተነሥተው በሶማሊያ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚዘምተውን ጦር በማዘጋጀት ላይ ነበሩ። እንዲህ ባለው ሰሞን በናይሮቢ የጦር መሥሪያ ቤት የቀድሞ ፋሺስት መቀመጡ ጥርጣሬ ቢያሳድር አያስደንቅም።

ይሁንና የቀኖች መቀራረብ ማስረጃ አይደለም። የወይዘሮዋ ክስ በአመዛኙ የተንጠለጠለው አንድ ሰው በጻፈው ማስታወሻ ላይ ነውና እኔን አላሳመነኝም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሁዋኒታ ካርበሪ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ብሮተን ራሱ ግድያውን እንደተናዘዘላቸው ጽፈዋል። ሁለት ሴቶች፣ ሁለት መጻሕፍት፣ አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ። በሁለቱም ውስጥ ሎርዱ፣ ፈረሱ፣ ግብዣው፣ ፍቅረኞቹ በሰፊው ተተርከዋል። እነዚያ ሬሳውን ያገኙት የወተት ሠራተኞች ግን በዚህ ሁሉ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ብቅ ብለው የሚጠፉ ሰዎች ናቸው። የደራሲዋ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ የፖሊሱም የፍርድ ቤቱም መዝገብ ያስቀረላቸው ይህንኑ ነው።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ ጥቅምት 1994 ዓ.ም.፣ የደራሲዋ ልጅ የሆነው ሠዓሊ ቶኒዮ ትርዜቢንስኪ እዚያው ናይሮቢ፣ በምሽት፣ ከመኪናው አጠገብ በጥይት ተገደለ። ሌላ ሰው ስለ ገደለው ሟች ሲመረምሩ የኖሩት እናት አሁን የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ፖሊስ ደጅ ቆሙ። በግድያው ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው የለም። ወሬውን ያተሙ ጋዜጦች ስለ ልጁ ሲጽፉ፣ ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰው መብራቱ እንደበራ የቆመውን ቢዩክ አነሡ።