ያርቆን፤ ትንሹ ወንዝና ታሪኩ



የወንዝ ክብር በርዝመቱ ብቻ የሚለካ አይደለም። በእስራኤል አገር ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር የሚፈሰው ያርቆን ከምንጩ እስከ ባሕሩ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዓባይንና አዋሽን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንደ ጅረት የሚቆጠር ነው። በዳርቻው የተፈጸመው ታሪክ ግን ብዙ ነው።

በተራሮቹ ላይ የሚዘንበው ዝናም በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ከግርጌው፥ ራስ ዓይን በተባለው ስፍራ ይፈልቃል፤ የያርቆን መነሻም ይኸው ነው። ከዚያም በሜዳው ላይ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ዐረቦች «አል ዐውጃ»፥ ማለት ጠማማው ብለውታል። በመጨረሻም በቴል አቪቭ ከተማ አልፎ ከባሕር ይገባል።

ከምንጮቹ አጠገብ ያለው ጉብታ የጥንቱ አፌቅ ነው። ከግብፅ ወደ ሶርያ የሚወስደው ታላቅ መንገድ በተራራውና በምንጮቹ መካከል ባለው ጠባብ በር ያልፍ ስለ ነበር፥ አፌቅን የያዘ መንገዱን ያዘ ማለት ነበር። ታቦተ ጽዮን በተማረከችበት ጦርነት ፍልስጥኤማውያን በአፌቅ ሰፍረው እንደ ነበር መጽሐፈ ሳሙኤል ይነግረናል። ኋላም ሄሮድስ በዚሁ ስፍራ በአባቱ ስም አንቲጳጥሪስን ሠራ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ቂሣርያ ሲወሰድ በሌሊት የደረሰው ወደዚህች ከተማ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ዓመተ ምሕረት ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ወንዙን በሌሊት ተሻግሮ የቱርክን ጦር ከኢዮጴ አራቀ።

ይህን ሁሉ ጦርነት አሳልፎ የኖረው ወንዝ የተጎዳው ግን በሰላም ጊዜ ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ1955 የምንጮቹ ውኃ በታላቅ ቧንቧ ወደ ኔጌብ በረሓ ተወሰደ። በረሓው ለማ፤ በወንዙ ውስጥ ግን የምንጩን ውኃ የከተማና የፋብሪካ እድፍ ተካው። በ1988 ወንዙን የሚያድስ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሆኖም በ1997 ለስፖርት በዓል የተሠራ ድልድይ ተሰብሮ 4 አውስትራሊያውያን ሲሞቱ፥ አብዛኞቹን የገደላቸው ውድቀቱ ሳይሆን ከተበከለው ውኃ ያገኛቸው በሽታ ነበር። ከዚያ ወዲህ እድፉ እየተጣራ፥ ንጹሕ ውኃም እየተለቀቀለት፥ ወንዙ በከፊል አገግሟል።

በረሓን ማልማት የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ለወንዙ ለራሱ የሚቀረውን ድርሻ አስቀድሞ በመዝገብ ያላሰፈረ ዕቅድ፥ ዕዳውን ለልጅ ልጅ ያወርሳል።